ሰጋቱራው ውስጥ ያገኘሁት እሳት

ከሰል እንዴት እንደሚቀጣጠል ላስተምራችሁ የምል ሰው ነበርኩ፤ ያውም ማንም ሳይጠይቀኝ። ጎረቤት ገብቼ ማንደጃ ሲጨስ ካየሁ ዝም ብዬ አላልፍም። ጎንበስ ብዬ የተደረደረውን ከሰል አፈርስና እንደገና በራሴ መንገድ እደረድረዋለሁ። በፌስታል የሚያቀጣጥል ሰው ካየሁ ደግሞ ሥጋውን አልቀምስለትም ነበር።

አናጺ ነኝ። የተወለድኩት ከገሳይ አለፍ ብሎ ካለ ገጠር ሲሆን ደብረ ታቦር ከገባሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል ያስቆጠረኝ ጎረቤታችን የነበረ ዲያቆን ነው፤ ንባቤን ያቀናሁት ደግሞ ምስማር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ቁራጭ ጋዜጣ ነው። አናጺነትንም ያስተማረኝ የለም። የተሰበረ ወንበር ፈታትቼ መልሼ በመግጠም ጀመርኩት። እንዲህ በራሱ የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ያወቀውን ሁሉ ብቻውን ስላገኘው፣ ሌላው ሰው የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ያ በሽታ እኔን ጠንቶብኝ ነበር።

የከሰሌም ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። መላጊያዬ የሚጥለውን ደረቅ ፍቅፋቂ ከማንደጃው ሥር እጎዘጉዛለሁ። በላዩ የባሕር ዛፍ ልጣጭ እረበርባለሁ። ከዚያ ቀጫጭኑን ከሰል፣ በመጨረሻም ወፍራሙን። አንድ ክብሪት ይበቃዋል። እሳቱ ቦግ ብሎ ይነሣና ልጣጩ እየተንጣጣ ወደ ላይ ይበናል፤ ከዚያ በኋላ ከሰሉ ዙሪያውን አመድ እስኪለብስ ድረስ ሥጋ አይወጣበትም። ነጭ ጋዝ በቤቴ ለከሰል ክልክል ነበር። ሥጋውን ያሸታል፤ ከዚያም በላይ የችኩል ሰው መንገድ ነው ብዬ አምን ነበር። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ሕግ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወርክሾፔ ተቃጠለ። ቀኑ የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነበር። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ጓሮ ከሰል አቀጣጥዬ ጠበስን፣ በላን፤ እኔ የታመመ ወዳጄን ልጠይቅ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጩኸት ሰምቼ ስመለስ ጣሪያው ወርዷል። መሣሪያዎቼ፣ ለሙሽራ ቤት የሠራሁት አልጋና ሁለት በሮች ከሰል ሆነዋል። ጎረቤቱ በባልዲ ውኃ ይራወጣል። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ማንደጃው አጠገብ በቆመ አንድ የነጭ ጋዝ ጠርሙስ ላይ ነበር።

ትልቋ ልጄ ትርንጎ ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ዳሳሽ ውኃ አሙቂ ብላት እሳቱን እንደገና ያቀጣጠለችው እሷ ናት። በምን እንዳቀጣጠለች ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠየቅኋት።

«በጋዝ» አለችኝ፤ አልዋሸችም። «ግን አባዬ፣ እሳቱ ከማንደጃው አልወጣም። ክብሪት ከመጫሬ በፊት የፍቅፋቂ ጭስ ሸቶኝ ነበር። ከጠዋቱ የተረፈ መስሎኝ ነው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። ጋዝ። ሌላውን የጥፋተኛ ልጅ ማምለጫ አደረግኩት። አልመታኋትም፤ ይህንን ለራሴ እንደ ምሕረት እቆጥረው ነበር። ያደረግኩት ከዱላ የባሰ ነው። ታሪኳን ትምህርት አደረግኩት። በማኅበር፣ በሠርግ ቤት፣ በተዝካር፣ ወጣት ካለበት ሁሉ «የእኔ ልጅ በችኮላ፣ በአንዲት ጠርሙስ ጋዝ የአባቷን ወርክሾፕ አመድ አደረገችው» እያልኩ አወራለሁ። ሰው ሲስቅ ጥርሱን፣ ሲያዝን ፊቱን እያየሁ ታሪኩን አሳምሬው ነበር። ትርንጎ በዓመቱ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ሄደች። እዚያው ተማረች፣ እዚያው ሥራ ያዘች፣ እዚያው አገባች። በእነዚያ ዓመታት ቤቴን የረገጠችው አንድ ጊዜ፣ ለአያቷ ቀብር ብቻ ነበር። ስልክ የምትደውለው ለእናቷ ነው። እኔ ደግሞ ኮራች እል ነበር።

ባለፈው ፋሲካ ግን መጣች። ባሏ ይበልጣል እግዚአብሔር ይስጠውና ጎትቶ ነው ያመጣት። ሠርጋቸው እዚያው ባሕር ዳር ስለነበረና እኔ «ጤና አጣሁ» ብዬ ስለቀረሁ፣ አማቼን በወጉ ያየሁት ያኔ ነው። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሳቂታ ልጅ ነው።

የማዕዶት ሰኞ ዕለት የንስሐ አባታችንን ቄስ ገበየሁንና ጥቂት ጎረቤቶችን ጠራሁ። እንግዳው በርከት ስለሚል ሁለት ማንደጃ ያስፈልገን ነበር። አራት ሰዓት ላይ እኔ ፍቅፋቂዬን አቅፌ ጓሮ ስወጣ ይበልጣል አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዞ ጠበቀኝ።

አንዱን ማንደጃ እሱ እንዲያቀጣጥለው እንድፈቅድለት ጠየቀኝ። በምን እንደሚያቀጣጥል ብጠይቀው «በጣሳ» አለኝ።

«ጣሳ ይነድዳል እንዴ?»

ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። የጣሳውን ሥር በምስማር ወንፊት አስመስሎታል፤ አፉም ክፍት ነው። ከሥር ትንሽ ዘይት የነካ ወረቀት ያደርጋል፣ ከላይ ከሰሉን ይሞላል፣ ነፋሱ ከታች እየገባ እሳቱን ሽቅብ ይስበዋል። ይህን ያየው ስልክ ላይ ነው አለኝ። በስልክ የተማረ እሳት እንዴት እንደሚያበስል እናያለን ብዬ ወደ ራሴ ማንደጃ ዞርኩ። ዞሬ ግን አላስቻለኝም።

«ትርንጎ ናት ያሳየችህ?»

«ኧረ አባባ፣ እሷ ከሰል አጠገብ አትደርስም። ቤታችን ክብሪት የምጭር እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት ነግራኝ አታውቅም።»

ቀና ብዬ አየሁት። ተንኮል የለበትም፤ ሳያውቅ ነው የተናገረ። ለባሏ እንኳ አልነገረችውም ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ቅር አለኝ፤ ለምን ቅር እንዳለኝም ያን ሰዓት አልገባኝም።

ክብሪቱን ጫርኩ። ያን ቀን ከጉና ተራራ በኩል ነፋስ ይነፍስ ነበር። ልጣጩ ተንጣጣ፤ ቁርጥራጩ ጫፉ እየቀላ ከጭሱ ጋር ወደ ላይ ይወጣና ነፋሱ ይወስደዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር ስለሆነ አላስተዋልኩትም። የይበልጣል ጣሳ መጀመሪያ ወፍራም ጭስ አጨሰ፤ በሆዴ «ይሄው» አልኩ። ቆይቶ ጭሱ ጠፋ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አፉ ላይ ፍም ታየ፤ በመቆንጠጫ ይዞ ማንደጃው ላይ ሲገለብጠው እኩል የቀላ ከሰል ወረደ። እኔ ገና እያራገብኩ ነበር። አልተኩራራብኝም። እንዲያውም «ያንቱ ግን ሽታው ደስ ይላል» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው ብዬ በጣም ተናደድኩ።

ጎድኑ ተጠበሰ፣ ቄስ ገበየሁ ባረኩ፣ ተበላ። ትርንጎ ከእናቷ ጋር ወዲያ ወዲህ ትላለች። ለእኔም ታቀርብልኛለች፤ «ይጨመርልዎ?» ትለኛለች፤ ከዚያ የዘለለ ቃል የለም። በማግስቱ ተመላሾች ናቸው። ዳሳሽ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «አንድ ነገር ሳትላት እንዳትሄድ፤ ሁለተኛ አትመጣም» አለችኝ። ምን ልበላት? ይቅር ብዬሻለሁ ልላት አስቤ ነበር። ይቅርታ አድራጊው እኔ ነበርኩ፤ በእኔ ሂሳብ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዘግይቶ ለመጣ እንግዳ አግዳሚ ወንበር ላመጣ ወደ ወርክሾፑ ሄድኩ። አዲሱ ወርክሾፕ የተሠራው አሮጌው በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ከማንደጃው ዐሥራ ሁለት እርምጃ ይሆናል። በሩ ክፍት ነበር። በሩን እንደ ተሻገርኩ የፍቅፋቂ ጭስ ሸተተኝ።

የጥብሱ ሽታ ልብሴ ላይ የቀረ መሰለኝ። ወንበሩን አንሥቼ ልወጣ ስል በበሩ ጎን ካቆምኩት የሰጋቱራ ማዳበሪያ አፍ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ አየሁ። ትኩር ብዬ ካላየሁት ይጠፋል፤ ነፋስ ሲገባ ተመልሶ ይታያል። ወንበሩን አስቀመጥኩና እጄን ሰጋቱራው ውስጥ ከተትኩ። ላይ ላዩ ቀዝቃዛ ነው። ስንዝር ያህል እንደ ገባሁ ጣቶቼን ፈጀኝ።

ሰጋቱራውን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አደረግኩት። ውስጡ ጠቁሮ ጎድጉዷል፤ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ እንቁላል የሚያህል ቀይ ፍም ይተነፍሳል። ነበልባል የለውም፣ ድምፅ የለውም። ከአፉ ላይ ጥፍር የሚያህል፣ የተጠቀለለ፣ የከሰለ የባሕር ዛፍ ልጣጭ ተቀምጧል። የእኔ ልጣጭ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከማንደጃዬ ተነሥቶ፣ በነፋስ ገብቶ፣ ሰጋቱራው ውስጥ አራት ሰዓት ሙሉ ማንም ሳያየው ሲበላ ቆይቷል። ትንሽ ብዘገይ ጥጉ ላይ የተከመረው ፍቅፋቂ ጋ ይደርስ ነበር።

በጀሪካን የነበረውን ውኃ ደፋሁበት። ፍስስ አለና ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ግቢዬ ውስጥ ጋዝ አልነበረም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አልነበረም። የይበልጣል ጣሳ በወዲያኛው በኩል ነበር፤ ፍንጣሪም አልነበረው። ሌላ ምክንያት ፈለግኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አጥብቄ ፈለግኩ። አጣሁ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመትም ጠዋት አራት ሰዓት ግድም አቀጣጥዬ ነበር። ያኔም በር ክፍት ነበር። ወርክሾፑ የተቃጠለው ዘጠኝ ሰዓት ነው። «ክብሪት ከመጫሬ በፊት የፍቅፋቂ ጭስ ሸቶኝ ነበር።» ዘጠኝ ዓመት ያልሰማሁት ቃል ያን ሰዓት ከነድምፅዋ ተሰማኝ።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ግን ካልጻፍኩት ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ያየኝ ሰው አልነበረም። የረጠበውን ጥቁር ሰጋቱራ በእጄ ወደ ማዳበሪያው ሥር ቀበርኩት፤ በላዩ ንጹሑን መለስኩበት። እጄን በሱሪዬ ጠረግኩ። አግዳሚውን ተሸክሜ ወጣሁ።

ወንበሩን አስቀምጬ ሳልቀመጥ ጎረቤቴ ካሳ፣ ጠላው ሞቅ አድርጎታል፣ ትርንጎን ይተርባት ጀመር።

«ስሚ ትርንጎ፣ የጋዝ ጠርሙስሽን ከባሕር ዳር ይዘሽ አልመጣሽም አይደል? አባትሽ እኮ ይኸን ቤት በስንት ላቡ ነው መልሶ ያቆመው።»

ሰዉ ሳቀ። እሷም በአፏ ሳቀች። ይበልጣል ግራ ገብቶት አንዴ እሷን አንዴ ካሳን ያያል። «የምን ጋዝ ነው?» አለ።

«አልነገረችህም?» አለው ካሳ፤ ወደኔ ዞሮም «በል አንተ ንገረው እንጂ» አለኝ። «ካንተ አፍ ነው የሚያምረው።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ትርንጎ አላየችኝም። የያዘችውን ሳህን ወደ ደረቷ አስጠግታ ቆማለች። ባሏ ፊት ልትዋረድ ነው፤ እያወቀች እየጠበቀች ነው፤ ለመሮጥ እንኳ አልሞከረችም። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ የለመድኩት የታሪኩ መጀመሪያ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ወዲያው ዘጋሁትና ቄስ ገበየሁን «አባ፣ አንድ ጊዜ» ብዬ ወደ አጥሩ ወሰድኳቸው።

ያገኘሁትንም የቀበርኩትንም ነገርኳቸው። ሌላ ጊዜ፣ ሰው ሲበተን፣ እሳቸውና ሁለት ሽማግሌ ሆነው ቀስ ብለው እንዲያስታርቁን ለመንኳቸው። በአገራችን ወግ አባት ለልጁ አይንበረከክም፤ መሐል ሰው ይገባል።

ቄስ ገበየሁ መስቀላቸውን እያገላበጡ ሰሙኝና «ያኔ ስትከሳት ሽማግሌ ልከህባት ነበር?» አሉኝ።

«አልላክሁም።»

«እንግዲያው አሁንም በራስህ እግር ሂድ። እዚያ ቆማለች።»

ተመልሼ መሐላቸው ቆምኩ። ወርክሾፑ ውስጥ ያየሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ ልጣጩን፣ ፍሙን፣ የቀበርኩትንም ጭምር። ከዚያ «ያን ጊዜ ወርክሾፑን ያቃጠለው የእኔ እሳት ነው። ትርንጎ አላቃጠለችም» አልኩ። የካሳ ዋንጫ አፉ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ዳሳሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ትርንጎ ሳህኑን አስቀመጠች። ወደ ወርክሾፑ ሄደች፤ ተከተልኳት። ማዳበሪያውን ገለበጠችው። ጥቁሩ ሰጋቱራ ከሥር ወጣ። ጎንበስ ብላ ልጣጩን አገኘችው፤ በመዳፏ ይዛ ብዙ አየችው።

«ያን ቀን ነግሬዎት ነበር» አለችኝ።

«ነግረሽኛል። አልሰማሁሽም።»

«ሰምተውኛል አባዬ። አላመኑኝም።»

ልክ ነበረች። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ልይዝ ስል ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። ዕንባዋ እየወረደ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ጠንካራ ነው።

«ጉልበቴን ተዉት። ሰፈር ባለፍኩ ቁጥር ጋዝ ጋዝ ሲሉኝ ነው የሄድኩት። ለስንት ሰው ነው የነገሩት? ያውቁታል?»

አላውቀውም አልኳት።

«ለእነሱ ይንገሩልኝ። ለእኔ ከዚህ በላይ አያስፈልገኝም።»

ስንወጣ ይበልጣል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። ካሳ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ በስካሩ መሐል በጣም ጨዋ ሆኖ፣ «ትርንጎ እናቴ፣ እኔ የሰማሁትን ነው ያወራሁ» አላት። እሷም «አውቃለሁ ጋሼ፤ ይቀመጡ፣ ጥብሱ ይቀዘቅዝብዎታል» አለችው። ሰዉ ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን ለሰሚ አይከብድም ነበር። ዳሳሽ በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ እሷ ያን ጊዜም ልጅቷን አምናት ነበር፤ እኔን ፈርታ ዝም ማለቷን እስከ ዛሬ እንደ ኃጢአት ይዛዋለች። ይህም በእኔ ላይ የሚቆጠር ነው።

በማግስቱ ይመለሳሉ የተባሉት ሦስት ቀን ቆዩ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እየዞርኩ ነው። በመጀመሪያ ማኅበሬ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ገሳይ ወንድሞቼ ዘንድ ሄድኩ። ሐሙሲት ከተማ አንድ የሙያ ባልደረባዬ አለ፤ ታሪኩን ለራሱ ሠራተኞች እንደ ምክር ሲነግርልኝ የኖረ ሰው ነው፤ የገበያ ቀን ጠብቄ ሠራተኞቹ ባሉበት አረምኩት። አንዱ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው አዳምጠውኝ «በፊት ስትነግረን ይሻል ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያኔ አሳምሬ ነበር የማወራው፤ አሁን ግን አሳጥሬ ነው የምናገረው።

ወላጅ የሆናችሁ አንባቢዎች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ መምከር አልተውኩም፣ ጠባዬ ነው። ልጃችሁ አንዱን ጥፋት አምኖ ሌላውን ሲክድ፣ ያመነውን ለካደው ማስረጃ አታድርጉበት። ትርንጎ ጋዝ መጠቀሟን ባትናገር ኖሮ ምናልባት አልከሳትም ነበር። እውነት ስለ ተናገረች ቀጣኋት። እኔ ደግሞ በጋዝና በችኮላ ላይ ስሰብክ፣ ከማንደጃ የተነሣ የጋዝ ነበልባል ዐሥራ ሁለት እርምጃ ዘልሎ ግድግዳ እንደማይገባ አንድ ቀን ቆሜ አላሰብኩም። እሷን ለመክሰስ የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን ሰጋቱራዬ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ነው። ከሰል የማቀጣጥለው በጣሳ ነው፤ ይበልጣል ሲሄድ ትቶልኛል። ሽታው እንደ ፍቅፋቂ አይጥምም፤ ግን ለምጄዋለሁ። ትርንጎ በየሳምንቱ እሑድ ትደውላለች፤ ዳሳሽ ስልኩን ለእኔ እስክትሰጠኝ አገጬን ደግፌ አልጠብቅም፣ ራሴ አነሣዋለሁ። ስለ ምንም ስለ ምንም እናወራለን። ስለ ዝናብ፣ ስለ እናቷ ጉልበት። ከዚህ የበለጠ ደስታ ለምን እንደሚፈለግ አላውቅም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ታሪኩን ከእኔ ሰምተው የሄዱ፣ ስማቸውን የማላስታውሳቸው፣ በሠርግ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ፣ በመኪና ላይ አብረውኝ የተሳፈሩ ሰዎች አሉ። እነሱን ዞሬ አላገኛቸውም። ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ አናጺ፣ ልጁ በጋዝ ወርክሾፑን እንዳቃጠለችበት ነግሯችሁ ከሆነ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። ልጄ አላቃጠለችም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ታሪኩን እናንተም ለሌላ ሰው አውርታችሁት እንደሆነ፣ እባካችሁ ሄዳችሁ ይህንን ንገሩልኝ።